ቄሱ ያልወሰዱት መድኃኒት

አጎቴን ያጋለጣቸው ጥምጥማቸው ነው። መጋቢት ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ ተመላላሽ ክፍል ተቀምጬ የአንዲት ሕፃን ደረት አዳምጣለሁ። ቀና ስል በሩ ላይ ንጹሕ ነጭ ጥምጥም ቆሟል፤ ከጥምጥሙ ሥር ያለው ፊት ደግሞ በእርድ የታሸ ይመስላል። ዓይናቸው ቢጫ፣ መስቀሉን የያዘው መዳፋቸው ሳይቀር ቢጫ።

"እንዴት ዋልሽ ልጄ፣ ሥራ በዝቶብሻል?" አሉኝ፣ ለሰላምታ ብቻ የመጡ ይመስል።

እኚህ ሰው የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ከገነተ ማርያም ራቅ ብላ ባለች መንደር ገብስና ባቄላ ያርሳሉ፤ ቄስም ናቸውና በደብራቸው ይቀድሳሉ። አባቴ ገና ልጅ ሳለሁ ስለሞተ ፊደል ያስቆጠሩኝ፣ ኋላም በእግር ላሊበላ ድረስ አምጥተው ትምህርት ቤት ያስገቡኝ እሳቸው ናቸው። ዛሬ እዚሁ ላሊበላ ጤና መኮንን ነኝ፤ ሕመምተኛ ማየት ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። በነዚህ ዓመታት ያበሳጨኝ ሰው ብዙ ነው። እንደ እሳቸው ያለ ግን አልገጠመኝም።

ከኋላቸው ባለቤታቸው ገቡ። እትዬ ነው የምላቸው። ገና ሳይቀመጡ ምርመራውን ጨርሰውልኝ ነበር።

"ወፍ ነው" አሉ። "የወፍ በሽታ። ማኅሌት ቆመው ሳለ የሌሊት ወፍ በራሳቸው ላይ አለፈች። ያየ ሰው አለ።"

"እትዬ፣ እዚያ የዋሻ ቤተ ክርስቲያናችሁ ውስጥ የሌሊት ወፍ ያላለፈችበት ቄስ አለ እንዴ? ስንት ዘመን ሙሉ ስትመላለስ ኖራ ዛሬ ምን አገኛት?"

"የዛሬዋ ሌላ ናት" አሉኝ ኮስተር ብለው።

ሕፃኗን ይዛ የመጣችው እናት ራሷን ነቀነቀች፤ እሷም ከእትዬ ጋር ናት።

አጎቴን አልጋው ላይ አስተኝቼ ሆዳቸውን ዳሰስኩ። በቀኝ በኩል፣ ከጎድን አጥንታቸው ሥር፣ ስጫን ፊታቸውን አጨማደዱ። ክንዳቸውን እስኪቆስል አክከውታል። ሽንታቸው እንደ ቆየ ሻይ ጠቁሯል፣ ምግብ ሲሸታቸው ያቅለሸልሻቸዋል። ጉበታቸው ተጎድቷል፤ ይህን ለማወቅ መማርም አያስፈልግም። ማወቅ የሚያስፈልገው ምን እንደጎዳው ነው። ስለዚህ ማንኛውም ሰው የሚጠይቀውን ጥያቄ ጠየቅኩ።

"አባ፣ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?"

"እኔ? ምን ቆርጦኝ!"

"በስመ አብ!" አሉ እትዬ፣ እያማተቡ። "እሳቸው ደግሞ መድኃኒት!"

ያን ቀን ይህን ጥያቄ ሦስት ሰው ጠየቃቸው። ካርድ ያወጣላቸው ነርስ ጠየቀ፣ እኔ ጠየቅኩ፣ ከዚያ አልጋ ያስያዛቸው ዶክተር ጠየቀ። ለሦስታችንም መልሱ አንድ ነበር፤ ሦስታችንም "መድኃኒት፦ የለም" ብለን ጻፍን።

ዶክተሩ ከከተማ የመጣ ወጣት ነው፤ ጎበዝ ነው፣ ግን ይቸኩላል። ቀጥሎ የጠየቃቸው ስለ መጠጥ ነበር።

"አባታችን፣ ጠላ ይጠጣሉ? አረቄስ?"

አጎቴ ቀና አሉ። "በዐቢይ ጾም? እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ በአፌ አይዞር! ከቅዳሴ የወጣሁ ሰው አረቄ ትለኛለህ?"

"ከጾሙ በፊትስ?"

"ለማኅበር አንድ ዋንጫ ጠላ የማይቀምስ ክርስቲያን ማን ነው?"

ዶክተሩ ጎንበስ ብሎ "አልኮል፦ አልፎ አልፎ" ብሎ ጻፈ። አጎቴ ማንበብ አይሳናቸውም፤ ፊታቸው ሲለዋወጥ አየሁ። ኮሪደር ላይ አስቁሜ "በማኅበር ጠላ እንዲህ ቢጫ የሚኮን ቢሆን ላስታ በሙሉ ቢጫ ነበር" አልኩት። ሳቀ። አላጠፋውም።

ከዚያ ምርመራው ጀመረ፤ ጀመረ ማለት ከተቻለ። የጉበት ምርመራ የሚሠራበት ኬሚካል አልቋል ተባልኩ። መቼ ይመጣል ስል፣ ጥያቄው ተልኳል ተባልኩ። ደማቸውን በብልቃጥ አስቀድቼ፣ በበረዶ ከብቤ፣ በባጃጅ ገበያው ዳር ወዳለ የግል ላቦራቶሪ ወሰድኩ። ባጃጁ ዳገቱ ላይ ሁለት ጊዜ ጠፋ። ውጤቱ ሲመጣ የጉበቱ ኢንዛይም ከሚገባው በላይ ብዙ እጥፍ ወጥቷል፤ ቢጫ የሚያደርገውም ነገር እንዲሁ። የጉበት ቫይረስ ቢ የለባቸውም። ሲ የለባቸውም። ኢ የሚባለውን ዓይነት መመርመሪያ እኛ ዘንድ የለም። የሐሞት ጠጠር እንዳይሆን አልትራሳውንድ እናንሳ ስንል፣ መሣሪያው አለ፣ የሚያነበው ባለሙያ ሥልጠና ሄዷል፣ ሰኞ ይመለሳል። ወደ ወልድያ እንላክ ስንል መንገዱ ሰላም መሆኑን ማን ያረጋግጥልናል። እንግዲህ ሰኞን መጠበቅ ነው።

የሚያስመርረው ደግሞ ይህ ነው፤ መድኃኒት ጉበትን ሲጎዳ እሱን ብቻ ነጥሎ የሚያሳይ ምርመራ በዓለም ላይ የለም። ጉበት ማን እንደመታው አይናገርም። ደሙ ተመትቻለሁ ይላል እንጂ መቺውን በስሙ አይጠራም። ሌላውን ሁሉ አንድ በአንድ ነፃ ታወጣለህ፣ ቫይረሱን፣ ጠጠሩን፣ መጠጡን፤ በመጨረሻ የቀረውን ትይዛለህ። ያን የቀረውን ለመያዝ ደግሞ ሕመምተኛው አፉን መክፈት አለበት። የእኔ ሕመምተኛ አፋቸውን የሚከፍቱት ለዳዊት ብቻ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ተኙበት ክፍል ስገባ የተወቀጠ ቅጠል ሽታ ተቀበለኝ። አልጋው ሥር የውኃ ፕላስቲክ አለ፤ ውስጡ አረንጓዴ ነገር፣ ከሥሩ አተላ የዘቀጠበት።

"ይኼ ምንድን ነው?"

እትዬ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። "ጠበል ነው።"

"ጠበል ከመቼ ወዲህ አረንጓዴ ሆነ?"

"ከብልባላ ድረስ የመጣ ነው" አሉ አጎቴ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው። "የወፍ አዋቂው የቀመመው። ዋሹ እንዳትይኝ፣ እኔ አልዋሸሁም። እሷ ነች ጠበል ያለችው።"

ድምፄን ከፍ አድርጌ እንደነበር ያወቅኩት ሦስት አልጋ ወዲያ ያሉት ሰውዬ ተነሥተው ሲቀመጡ ነው። ቄስ ላይ፣ ያውም ባሳደጉኝ ሰው ላይ ጮህኩ። "መድኃኒት አይወስዱም አልነበር? ሦስት ሰው ጠይቆዎት 'ምን ቆርጦኝ' አላሉም?"

"ቅጠል ነው እኮ" አሉ እትዬ። "ቅጠል መድኃኒት ይባላል?"

"ስንት ቀን ጠጡት?"

"እዚህ ከመምጣታችን በፊት ሁለት ጊዜ፣ እዚህ አንድ ጊዜ። ገና አራት ይቀራል፤ ሰባት ጊዜ ነው የተባልነው።"

ፕላስቲኩን ይዤ ወጣሁ፤ ሽንት ቤት ደፋሁት። እየደፋሁ ሳለ ሁለት ነገር በአእምሮዬ መጣ። አንደኛው፣ ተገኘ የሚል ነበር፤ ቅጠሉ ነው የመታቸው። ሁለተኛው ደግሞ፣ ሰው ቢጫ ከሆነ በኋላ የጠጣው ነገር ቢጫ ሊያደርገው አይችልም የሚል። የቱ ቀደመ? ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ላይ ነው። ተመልሼ የጓንት ካርቶን ክዳን ቀደድኩና አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

"ምግብ ማስጠላት የጀመረዎት መቼ ነው?"

"ቆይቷል።"

"ስንት ሳምንት?"

"እኔ እንጃ ልጄ። ሳምንት ይቆጠራል እንዴ?"

በሳምንት የጠየቅኩት እኔ ሞኝ ነኝ። አጠያየቄን ለወጥኩ። "የትኛው በዓል ላይ?"

ወዲያው መለሱ። ምግብ ያስጠላቸው ለየካቲት ኪዳነ ምሕረት ነው፤ ዝክር ቀርቦላቸው አልበላ አላቸው። ሽንታቸው የጠቆረው ለመጋቢት አቦ። እከኩ የጀመራቸው በማርያም ዕለት፣ ቅዳሴ ላይ፤ እጃቸው መስቀል ይዞ ማከክ እያማራቸው መቆማቸውን አይረሱትም። ዓይናቸው ቢጫ መሆኑን ዲያቆኑ የነገራቸው በማግሥቱ ነው። የብልባላው ቅጠል? የመጀመሪያው ለመድኃኔዓለም ዋዜማ። በካርቶኑ ላይ በተራ ጻፍኳቸው። ቅጠሉ ከሁሉም ኋላ መጣ። ቢያባብስ አባብሶ ይሆናል፤ የጀመረው ግን እሱ አይደለም።

ከየካቲት ኪዳነ ምሕረት በፊት የነበረው ነገር ነው የሚፈለገው። እዚያ ላይ ካርቶኑ ባዶ ነው።

ሰኞ የአልትራሳውንዱ ባለሙያ መጣ። ጠጠር የለም። የሐሞት ቱቦውም አልሰፋም። ዶክተሩ ወረቀቱን አይቶ "እንግዲህ ቫይረስ ነው፣ እኛ የማንመረምረው" አለ።

"ወይም መድኃኒት" አልኩ።

"አልወሰዱም ብለዋል እኮ።"

"ቅጠሉንም አልወሰዱም ብለው ነበር።"

"እና ምን እናድርግ፣ እንግረፋቸው?" አለኝ።

እውነቱን ነው። ያን ቀን ከሰዓት፣ በንዴት ሳይሆን በድካም፣ ምንም ሳላስብ አንድ ነገር ጠየቅኳቸው። ከጥቂት ወራት በፊት ቁርበት ላይ እንኳ መንበርከክ ያቅታቸው የነበሩ ሰው ናቸው፤ ከአልጋ ወርደው ወደ ሽንት ቤት ሲሄዱ ቀጥ ብለው ሄዱ።

"አባ፣ ጉልበትዎ እንዴት ነው? ጾሙን ሙሉ እንዴት ቆሙበት?"

"ጉልበቴማ ዳነ!" አሉ ፈካ ብለው።

"በምን?"

እትዬን አዩ። እትዬ ግድግዳውን አዩ።

"በእግዚአብሔር ቸርነት" አሉ።

የስልሳ ስድስት ዓመት ሰው ጉልበት፣ አርባ ዓመት በመቋሚያ የቆመ፣ ዳገት የወጣ የወረደ ጉልበት በጾም መካከል አይድንም። የእግዚአብሔርን ቸርነት አልጠራጠርም። አጎቴን ግን ተጠራጠርኳቸው።

በማግሥቱ ፈቃድ ወሰድኩና ቅያሪ ልብስ ላምጣላቸው ብዬ በጠዋቱ ሚኒባስ ወደ ገነተ ማርያም ሄድኩ። ከዚያ መንደራቸው ድረስ በእግር ነው። የመጨረሻ ልጃቸው፣ ያገባችው፣ ቤቱን ስትጠብቅ አገኘኋት። "አባትሽ ክኒን የሚያስቀምጡት የት ነው?" ብላት "አባዬ ክኒን አይወስድም" አለችኝ። ቤተሰቡ በሙሉ አንድ መምህር ያስጠናው ይመስላል። ሣጥኑን ከፈትኩ፤ ልብስና የልብሰ ተክህኖ መጠቅለያ። መደቡን አነሣሁ፣ የአልጋውን ሥር አየሁ፣ የሽንኩርት ቋቱን ሳይቀር። ምንም የለም። በመጨረሻ ከምሰሶው ላይ የተንጠለጠለውን የዳዊታቸውን ማኅደር አወረድኩ። የሰው ዳዊት እንዲህ መፈተሽ ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ሆኖም ከፈትኩት።

በገጾቹ መካከል፣ ለምልክት ክር በሚገባበት ቦታ ሁሉ፣ ባዶ የክኒን ማሸጊያ ተሰክቷል። ብርማ፣ የተጫነ፣ የተስተካከለ። ከዘወትሩ ጸሎት እስከ መጨረሻው ድረስ። አንድ በአንድ አወጣኋቸው። ዲክሎፌናክ ነው፣ የጉልበትና የወገብ ማስታገሻ፤ በየመደብሩ ያለ፣ ሁሉም ሰው የሚያውቀው፣ አብዛኛውን ሰው የማይጎዳ፣ አንዳንዱን ግን ሳይታሰብ ጉበቱን የሚመታ። ወር ሁለት ወር ሰላም ሆኖ ቆይቶ የሚመታ። ከአምስት ወር ያላነሰ የሚያስቆጥር ማሸጊያ ነበር።

የመጀመሪያው፣ በጣም ያረጀው፣ ጀርባው ላይ በሰማያዊ እስክሪፕቶ ተጽፎበታል። "ጠዋት 1፣ ማታ 1፣ ከምግብ በኋላ።"

የራሴ ጽሕፈት ነው።

መደቡ ላይ ተቀመጥኩ። ልጅቷ ውኃ ልስጥሽ ወይ አለችኝ፤ የመለስኩላትን አላስታውስም። ያስታወስኩት ጥቅምትን ነው። የታናሽ እህቴ ልጅ ክርስትና የተነሣ ዕለት አጎቴ አግዳሚው ላይ ለመቀመጥ ሲሉ "ኡፍ ኡፍ" እያሉ በሁለት ሰው ተደግፈው ነበር። እኔ ሳህን ተሸክሜ ስሮጥ ነበር። ቦርሳዬ ውስጥ እጄን ከትቼ ያገኘሁትን አንድ ማሸጊያ አወጣሁ፣ ጻፍኩበት፣ "ሲያምዎት ይውሰዱ" ብዬ እጃቸው ላይ አስቀመጥኩና ወደ ወጡ ተመለስኩ። ለስንት ቀን አላልኩም ይሆናል። ብያለሁም ይሆናል። እስከ ዛሬ ድረስ አላስታውስም፤ ይሄ ነው የሚያናድደኝ። ተመላላሽ ክፍል ቢመጡ ኖሮ የደም ግፊታቸውን ሳልለካ፣ ስለ ሆዳቸው ሳልጠይቅ አልሰጣቸውም ነበር። ዘመድ ስለሆኑ ያለ ጥያቄ ሰጠኋቸው።

ከሰዓት በኋላ ተመልሼ ማሸጊያዎቹን አንሶላው ላይ ዘረገፍኳቸው።

"ዳዊቴን ከፈትሽ?" አሉ መጀመሪያ።

"ከፈትኩ። ለምን ዋሹኝ አባ?"

"አልዋሸሁም። መድኃኒት ወይ አልሽኝ። ይኼ መድኃኒት ነው? ይኼ የጉልበት ነው።"

"ክኒን ነው!"

"ክኒን ብለሽ ብትጠይቂኝ ኖሮማ..." ብለው ጀመሩና ተዉት። ማሸጊያውን በጣታቸው አገላበጡ። "ደግሞስ ልጄ፣ መድኃኒት ተብሎ የሚጠየቅ ቄስ አለ? 'እሱ መድኃኒት ያውቃል' ሲባል ምን ማለት እንደሆነ አንቺ ሳታውቂ ቀርተሽ ነው? ከሰው ፊት?"

አውቃለሁ። በኛ አገር መድኃኒት የአምላክ ስም ነው፤ ጎረቤት ደጅህ ላይ የሚቀብርብህም መድኃኒት ነው። ድግምት የሚደግም ደብተራም መድኃኒት አዋቂ ይባላል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያንን ቃል ካርድ ላይ ስጽፍ፣ በእያንዳንዱ ሽማግሌ ላይ ስወረውር፣ የሚሰማው ሰው ምን እንደሚሰማው አንድ ቀን ቆም ብዬ አላሰብኩም።

"ከየት እያመጡ ነው ይሄን ሁሉ ጊዜ?"

"አንቺ የሰጠሽኝ ሲያልቅ ባዶውን ይዤ ከተማ ሄድኩ። ለባለ መድኃኒት ቤቱ አሳየሁት፣ እንደሱ ያለ ሰጠኝ። አንድ ቃል አልጠየቀኝም። ጨዋ ሰው ነው።"

"በቀን ሁለት ነበር?"

"በቀን ሁለት። ለገና ነው ሦስት ያደረግሁት፤ ሌሊቱን በሙሉ መቆም አለና። ከዚያ ሦስቱን ለመድሁት።"

"በጾሙስ? ከምግብ በኋላ ነው የሚለው!"

"በጾም ምግብ የለማ። ጠዋት በባዶ ሆዴ፣ ያለ ውኃ።"

እንባዬ መጣ፤ የንዴት ይሁን የሌላ አላውቅም። "በዚህ ሊሞቱ ነበር እኮ። እኔ እንደሰጠሁዎት ለምን አልነገሩኝም? እኔን ብቻ ጠርተው እንኳ?"

አጎቴ ወደ በሩ አዩ፤ ማንም እንደሌለ አረጋገጡ። "ዶክተሩ ማን ሰጠዎት ብሎ ቢጠይቀኝ ምን ልለው ነው? የእህቴ ልጅ፣ ያቺውና አጠገብህ የቆመችው ናት ልበል? በእንጀራሽ ልግባ? ቢጫው ይለቃል ብዬ ነበር። ያንቺ ስም ግን አንዴ ከተነሣ አይለቅም።"

ሁለት ሳምንት ለሚጠጋ ጊዜ እያከኩ፣ እያስታወኩ፣ የብልባላ ቅጠል እየጠጡ የጠበቁት የእኔን ስም ነበር። ምን ይባላል እንዲህ ላለ ሰው? አመሰግናለሁ አልልም። አላልኩምም። "አባ፣ ሌላ ጊዜ ስሜን አይጠብቁልኝ" አልኳቸው፤ ድምፄ ራሴን አስደነገጠኝ። እትዬ ጥግ ላይ ቁጭ ብለው የነጠላቸውን ጫፍ ያጣጥፋሉ። እሳቸውም ያውቁ ነበር።

ዶክተሩ ጋ ሄድኩ። ኮሪደሩ እንደዚያን ቀን ረዝሞብኝ አያውቅም። ማሸጊያዎቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ "የመጀመሪያውን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ" አልኩት። ጽሕፈቱን አየ፣ እኔን አየ። ይስቃል ብዬ ነበር፤ አልሳቀም።

"ካርዱ ላይ ጻፊው" አለኝ። "ከነቀኑ። ከነ ስምሽ።"

ጻፍኩ። እሱም እስክሪፕቶውን አንሥቶ "አልኮል" የሚለውን ሰረዘው። ከዚያ "ግን እርግጠኛ መሆን አንችልም" አለ። "ያን ኢ የሚባለውን አልመረመርንም።"

"አውቃለሁ። ክኒኑን እናቆምና ይወርድ እንደሆነ እናያለን።"

"ቢወርድስ? ቫይረሱም ቢሆን በራሱ ጊዜ ይወርድ ነበር" አለ።

ይኸው ነው። ከተሳሳትክ ሰው ይሞታል፤ ልክ ከሆንክ ደግሞ ማረጋገጫ የለህም።

የሚሰጥ ማርከሻ አልነበረንም። የሚደረገው ማቆም፣ ፈሳሽ መስጠት፣ ንግግራቸው እንዳይዛባ፣ ድዳቸው እንዳይደማ መጠበቅ ነው። በየጠዋቱ "ዛሬ ምን ቀን ነው?" ብዬ እጠይቃቸዋለሁ፤ ጉበት ሲከዳ አእምሮ ይምታታልና። እሳቸው የወሩን ቀን፣ የዕለቱን ቅዱስ፣ ስንክሳሩ የሚለውን ጨምረው ይነግሩኝና "አንቺስ ታውቂዋለሽ?" ብለው ይፈትኑኛል። በሳምንቱ ደማቸውን እንደገና በባጃጅ ላክሁ። ኢንዛይሙ በግማሽ ወርዷል። በሁለተኛው ሳምንት ከዚያም በታች። ማሳከኩ ቆመ፤ ርሃብ መጣ። ቢጫው ከሁሉም ዘግይቶ፣ መጀመሪያ ከመዳፋቸው፣ በመጨረሻ ከዓይናቸው ለቀቀ። ለፋሲካ ከቤታቸው ገቡ። የዶሮውን ቅባት እንዳያበዙ ለእትዬ ስነግር "በትንሣኤ?" ብለው እንደ ከሃዲ አዩኝ።

ጉልበታቸው ግን ተመልሶ ያማቸው ጀመር። አማራጭ ስለሌለ ጨርቅ በሙቅ ውኃ ነክረው እንዲያስሩበት፣ በቅዳሴ መካከል በሚፈቀደው ጊዜ እንዲቀመጡ ነገርኳቸው። መቀመጡን ተቃወሙ። በኋላ የደብሩ አለቃ ራሳቸው በርጩማ አስመጥተው አስቀመጧቸው።

መንደሩ ውስጥ ያዳናቸው ማን እንደሆነ ክርክር የለም። የብልባላው አዋቂ ነው። ሦስት ጊዜ ብቻ ጠጥተውለት ቀሪውን ያቺ የእህታቸው ልጅ ሽንት ቤት ባትደፋው ኖሮ በሰባት ቀን ይነሡ ነበር፤ በእኔ ምክንያት ነው ወር የፈጀባቸው። ይህን እትዬ ፊት ለፊቴ ነግረውኛል፣ ያለ ክፋት። ሰውዬው ዘንድ ሰው በዝቷል ይባላል። ቄሱን ያዳነ ተብሎ።

እኔ ግን ከዚያ ወዲህ አጠያየቄን ቀይሬያለሁ። መድኃኒት የሚለውን ቃል ትቼዋለሁ። ለጉልበት ምን ያደርጋሉ፣ ለራስ ምታትስ፣ እንቅልፍ ሲያጡስ፣ ከጎረቤት የተቀበሉት ክኒን አለ፣ ከሱቅስ፣ የሚጠጣ ቅጠልስ፣ የሚቀባስ እያልኩ የሕመምተኛውን አካል ከራስ እስከ እግር እየዞርኩ እጠይቃለሁ። ሰልፉ ይረዝማል፤ ነርሱ በበሩ ብቅ እያለ ይገላምጠኛል። ምን ያህል ሰው ምን እንደሚውጥ ብትሰሙ ትደነግጣላችሁ።

ሰኔ ሊገባ ሲል አጎቴን ልጠይቅ ሄድኩ። ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ባቄላ ያበጥራሉ፤ ዓይናቸው እንደ ወተት ነጭ ሆኗል። ስንጨዋወት ድንገት አንድ ነገር ትዝ አለኝ።

"አባ፣ ያን ጊዜ ከመታመምዎ በፊት ከመድኃኒት ቤቱ የገዙት በሙሉ አልቆ ነበር? የተረፈ አልነበረም?"

"ነበር እንጂ። ሁለት ሙሉ፣ ያልተነካ፣ በኪሴ።"

"የት አለ?"

"መጣል ግፍ ነው ብዬ ለደወል ደዋዩ ሰጠሁት" አሉ፣ ባቄላውን እያንገዋለሉ። "ወገቡን ያመዋል ምስኪን። አሁን ድኗል፤ ራሱ ከተማ እየሄደ ያስመጣል። ጠዋት አንድ ማታ አንድ ነው አልኩት፣ አንቺ እንደጻፍሽው።"

ተነሣሁ። ሻይ ሊፈላ ነው፣ ወዴት ነሽ አሉኝ እትዬ ከውስጥ። የደዋዩ ቤት ከቤተ ክርስቲያኑ ማዶ፣ ከገደሉ ጫፍ ነው፤ ጫማዬን እንኳ በደንብ ሳላጠብቅ መንገድ ጀመርኩ።